ግርግሩ እስኪያልፍ

ሰው የበዛበት ቦታ አልወድም። ይህን በኩራት የምናገርበት ጊዜ ነበር። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ኪዮስኮቹን ዞሮ ሲጠማዘዝ፣ እኔ ከአንድ ሰዓት በፊት ቀራንዮ ደርሼ፣ የምሠራበት ሕንፃ ሥር ሻይዬን እጠጣለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ መስመር እዘረጋለሁ። የበዓል በግ የምገዛው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ነው። በጉ ግቢያችን ውስጥ ሲጮህ ጎረቤት ይማረራል፤ እናቴ ደግሞ ትለምደውና በዓሉ ሲደርስ እንዳይታረድ ትለምናለች። እኔ ግን አየር ጤና መንገድ ላይ ሰውና በግ ሲተራመስ አላይም።

ቀራንዮ መድኃኔዓለምን እንኳ የምሳለመው በሃያ ሰባት ሳይሆን በሃያ ስምንት ነበር። በሃያ ሰባት ምእመኑ ከቅጥሩ ተርፎ አስፋልቱ ላይ ይቆማል፤ በማግስቱ ግቢው ለእኔና ለርግቦቹ ይቀራል። እናቴ «ሃያ ስምንት እኮ አማኑኤል ነው» ትለኛለች። «ታዲያ አንድ አይደሉም እንዴ?» እላታለሁ። ትስቃለች፤ እኔም የረታኋት ይመስለኛል። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደረታኋት አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እናቴ ከጎጃም ወደ ኮልፌ የመጣችው አባቴን አግብታ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት ነው። አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። እሷ ከመጣች በኋላ እሱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሊማር ከቤት ወጣ፤ ከአንዱ የአብነት ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ መነኮሰ ተባለ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ አልደረሰም። የሚመነኩስ ሰው ስሙ ይቀየራል። ስለዚህ እናቴ ወንድሟን በስሙ ጠይቃ ልታገኘው አትችልም ነበር፤ እሷ በምታውቀው ስም የሚጠራው ማንም የለም።

ስለ እሱ ስታወራ ሁልጊዜ ከጥርሱ ትጀምራለች። በልጅነታቸው ወንዶቹ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ገብታ፣ ኳሷን፣ ሩሩን፣ እመታለሁ ብላ ዱላ ስትሰነዝር የወንድሟን የፊት ጥርስ ሰበረችው። ሴት ልጅ ገና ምን አስጫወታት ተብላ ተገረፈች። እሱ አልከሰሳትም፤ ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን አመጣ። «አንድ ቀን ይቅር በለኝ ሳልለው ተለያየን» ትል ነበር። ስትናገረው ትስቅ ስለነበር እኔም እንደ ጨዋታ ነበር የምሰማው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአጥራችን ማዶ ያሉት እትዬ፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ፣ ገናን ላሊበላ አክብረው ተመለሱ። እንኳን ደኅና ገቡ ልንላቸው ሄድን። እግራቸውን ቅባት እየቀቡ ስለ ሕዝቡ ብዛት፣ ስለ ዝማሬው፣ ስለ ብርዱ አወሩልን። ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብለው፣

«አንድ መነኩሴ ከየት ነሽ አሉኝ። ከአዲስ አበባ፣ ከኮልፌ አልኳቸው። እህት አለችኝ እዚያ፣ ሰፈሯን ግን አላውቀውም አሉ። አገራቸውን ብጠይቃቸው ያንቺኑ አገር አይነግሩኝም መሰለሽ!» አሏት። «ደግሞ ሲስቁ እንዲህ አፋቸውን ይከልላሉ።»

እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ መሬት አስቀምጣ ብድግ አለች።

«ስማቸውን ልጠይቅ ስል ሕዝቡ ገፋን፤ እሳቸው ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ» አሉ እትዬ። «ብቻ ከአንድ ቦታ አይቀመጡም። ለገና ግን በየዓመቱ ላሊበላ አልቀርም ብለውኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ለገና ላሊበላ ደርሳ ወንድሟን በዓይኗ ማየት። ዓመቱን ሙሉ ስለዚህ አወራች። ለወንድሟ ነጭ ጋቢ አሠራች። ኅዳር ሲጋመስ ጉዟችንን መቼ እንደምንጀምር ጠየቀችኝ፤ እኔ ደግሞ ሐሳቤን ቀድሜ ጨርሼ ነበር።

«እማዬ፣ እትዬን ከሰውዬው ያለያያቸው ሕዝቡ አይደለም እንዴ? አንቺን እዚያ ግፊያ ውስጥ ይዤሽ ብገባ ወንድምሽን ትቼ አንቺን ስፈልግ ነው የምውለው። ግርግሩ ይለፍ። ሰው ሲበተን እንሄዳለን፣ ከተማው ጸጥ ይላል፣ ማደሪያም እንደ ልብ እናገኛለን፣ ቄሶቹን ተረጋግተን እንጠይቃለን።»

«ሰው ከተበተነማ እሱስ ሰው አይደል?» አለችኝ።

«መነኩሴ የት ይሄዳል? ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

መነኩሴ ሁሉ ባለበት ተተክሎ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። እንደ ማንኛውም ተሳላሚ ከአገሩ ሰዎች ጋር በእግሩ መጥቶ ከአገሩ ሰዎች ጋር የሚመለስ መነኩሴ እንዳለ አላውቅም ነበር። አለማወቄ አይደለም የሚቆጨኝ፤ አለመጠየቄ ነው። እትዬ አጥር ማዶ ነበሩ። አንድ ቀን በሥራ መውጫዬ ጎራ ብዬ ብጠይቃቸው በሁለት ቃል ይነግሩኝ ነበር። የእናቴን ጥያቄ ግን እንደ ጥያቄ አልቆጠርኩትም። እሷም «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» ብላ ተወችው። ይህን ቃል የምትለው ሳታምንበት ስትቀር እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

የገና ዕለት ቤት ዋልን። ቴሌቪዥኑ ከላሊበላ በቀጥታ ያሳያል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ በርጩማዋን ጎትታ ስክሪኑ ሥር ተቀመጠች። ካሜራው ነጭ የለበሰውን ሕዝብ እየዞረ ሲያሳይ «ቆይ! ቆይ!» ትለዋለች። ፊቶቹ ግን አይቆሙላትም። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ጠራኋት፣ አልመጣችም።

«አየሽ ስንት ሰው እንደሆነ? መርፌ ቢወረወር መሬት አይደርስም» አልኳት። ልክ እንደሆንኩ ስለታየልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ደሴ አድረን፣ በሁለተኛው ቀን በወልድያ በኩል ጋሸና ደረስን፤ ከዚያ ወደ ላሊበላ ታጠፍን። መንገዱ ሁሉ የሚመለስ ሰው ነበር። አውቶቡሶች ታጭቀው በዝማሬ ያልፉናል፤ የእኛ መኪና ግማሹ ባዶ ነው። እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። እናቴ መስኮቱን ይዛ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ መስኮት በመስኮት ታያለች። ከጋሸና በኋላ ደግሞ በእግር የሚመለሱት መጡ፤ ስልቻቸውን በዱላ አንጠልጥለው በሃያ በሠላሳ ሆነው መንገዱን ይዘዋል። እነዚህ የጎጃምና የጎንደር ተሳላሚዎች እንደሆኑ ከኋላችን የተቀመጠ ሰው ነገረን።

«ሾፌሩን ትንሽ ቀስ እንዲል ንገርልኝ» አለችኝ እናቴ።

«ኧረ እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?»

ላሊበላ ልንደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን አንዲት ዛፍ ጥላ ሥር ሰዎች ዐርፈው አየን። ከመካከላቸው ቢጫ የለበሱ መነኮሳት ነበሩ። እናቴ ተነሥታ ቆመች። መስኮቱን በመዳፏ መታችው። «ያ! ያ ከወዲያ በኩል ያለው!» አለች። ተሳፋሪው ዞሮ አየን። አፈርኩ፤ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። «መነኩሴ ሁሉ ያንቺ ወንድም አይደለም» አልኳት። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

ተቀመጠች። እስክንደርስ አንገቷን አዙራ የቀረውን መንገድ ታይ ነበር። ደክሟት ነው ብዬ፣ በዚያው ምሽት ሰው እንጠይቅ ስትለኝ ለነገ አሳደርኩት።

ከተማው እንደተመኘሁት ጸጥ ብሏል። በየመንገዱ የደረቀ ቄጤማና የተጨማደደ የውኃ ላስቲክ ወድቋል፣ ሴቶች ደጃቸውን ይጠርጋሉ፣ ድንኳን ይፈታል። ቤተ ክርስቲያኖቹን እንደ ልባችን ዞርን። ማንም አልገፋን። አንድ ቄስ የመጣንበትን ስነግራቸው አዝነው አዩን። «ልጄ፣ ለበዓል የመጣው ሁሉ ሄዷል እኮ» አሉኝ። የጎጃም ሰዎች የሚያርፉበትን ሰፈር ግን በእጃቸው አመለከቱን።

የከተማው ሰው ለገና የሚመጣውን እንግዳ ተቀብሎ እግሩን የማጠብ ልማድ አለው። በሦስተኛው ቤት ያገኘናት ሴት ለእንግዶች እግር ማጠቢያ ያዋለቻቸውን ሳፋዎች አጥባ ፀሐይ ላይ ደፍታቸው ነበር። እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና አሳየቻት።

«አባ! አባን ነው የሚሉኝ?» አለች ሴትዮዋ። «በየዓመቱ እኔ ዘንድ ነው የሚያርፉ። ትናንት ማለዳ ወጡ፣ ከአገራቸው ሰዎች ጋር። በእግራቸው።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለምን ሄደ አላለችም። «ሸብቷል?» አለች። «ይበላል? ጉልበቱ ደኅና ነው? ሳል የለበትም?» ሴትዮዋ አንድ በአንድ መለሰችላት። ሸብተዋል፣ ጥቂት ይበላሉ፣ እግራቸው ብርቱ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠብኩላቸው፣ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። እናቴ ስለ ተረከዙ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። እኔ ቆሜ መንገዱን እያሰላሁ ነበር። ትናንት ማለዳ በእግሩ የወጣ ሰው ከቀትር በኋላ የት ይደርሳል? ከዛፏ ሥር።

መኪና ተኮናትሬ እየነዳን ወረድን። ዛፏ ሥር ማንም አልነበረም። ጋሸና ላይ ስንጠይቅ፣ የእግረኞቹን ጓድ አንድ ኢሱዙ አሳፍሮ በደብረ ታቦር በኩል ጠዋት ይዞት እንደሄደ ነገሩን። እናቴ ጋቢውን በጉያዋ ይዛ መኪናው ውስጥ ቀረች። አጠገቧ ገብቼ ተቀመጥኩ። «ቢያንስ በሕይወት አለ» አለችኝ፣ እኔን ልታጽናና።

ላሊበላ ተመልሰን የስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ለሴትዮዋ ሰጠሁ። በቀጣዩ ዓመት ለገና ዕለት እንደምንመጣ ነገርናት። ለእናቴም ማልኩላት፤ ግፊያም ይሁን፣ ሜዳ ላይ ማደርም ይሁን ብዬ።

በቀጣዩ ዓመት ግን ጦርነት መጣ። ለገና መንገዱ ተከፍቷል ቢባልም እናቴን ይዤ ለመውጣት አልደፈርኩም። ስልኬም አልጮኸም፤ እሱም አልሄደም ማለት ነው ብዬ ለሁለታችንም ነገርኩ። ከዚያ ጉልበቷ ታመመ። ከበር እስከ አጥር ለመድረስ ሰው መደገፍ ጀመረች፤ ለዚያ የድንጋይ ቁልቁለት የሚሆን እግር አልነበራትም። ስለዚህ በተከታዩ ዓመት ጋቢውን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ፤ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ደረስኩ።

ያን ያህል ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ተገፋሁ፣ ተረገጥኩ፣ ጫማዬ አንዱ ወልቆ ቀረ። አልሸሸሁም። ቢጫ ልብስ ባየሁ ቁጥር ሕዝቡን እየሰነጠቅሁ እሄዳለሁ፤ የሚስቅ መነኩሴ እፈልጋለሁ። የጠበበኝ ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው ክንዴን ይዞ ያወጣኛል፣ የማላውቃቸው እናት ዳቦ ቆርሰው እጄ ላይ ያስቀምጡልኛል። እናቴን እዚህ ይዣት ብመጣ ኖሮ ይህ ሰው ሁሉ ተሸክሞ ያደርሳት እንደነበር ገባኝ። እኔ ስፈራው የኖርኩት ይህንን ነበር።

መጀመሪያ ያመራሁት ወደዚያች ሴት ግቢ ነበር፤ ግፊያው ለቆኝ የደረስኩት ግን በመጨረሻ ነው። እንግዶቿን ስታስተናግድ አገኘኋት። አወቀችኝ፤ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«አምና መጥተው ነበር» አለችኝ። «እህትዎ መጥተው ነበር ብዬ ስነግራቸው አፋቸውን መሸፈን ረስተው ሳቁ። ቁጥርህን ሰጠኋቸው፣ ያን ጊዜ ግን ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ወረቀቷን በስልቻቸው ያዟት። በዓሉ አልፎ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ የአገራቸውን ሰዎች እናንተ ሂዱ ብለው ሸኟቸው፤ እሳቸው ቀሩ።»

«ለምን?»

«በበዓሉ ዕለት ስትቀሩ፣ እህቴ የምትመጣው እንደ በፊቱ ግርግሩ ካለፈ በኋላ ነው አሉ። አምስት ቀን እዚህ ደጄ ላይ ተቀመጡ። መኪና በመጣ ቁጥር እየተነሡ ያያሉ።»

ዘንድሮስ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ነገረችኝ። የአገራቸው ሰዎች ዘንድሮ ያለ እሳቸው መጥተዋል። በሰኔ አርፈዋል።

ጋቢውን እዚያው ለሴትዮዋ ትቼ ተመለስኩ። በመንገድ ሁሉ ለእናቴ የምነግራትን አዘጋጀሁ። ማረፉን እነግራታለሁ፣ ስለ አምስቱ ቀን እነግራታለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ እነግራታለሁ። ኮልፌ ስደርስ ደጅ ላይ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ትጠብቀኝ ነበር። ከታክሲው ስወርድ ዓይኗ እኔን አልፎ ከኋላዬ ፈለገ፤ ማን እንደሚወርድ።

«አላገኘሁትም» አልኳት። «ሰው በጣም በዛ።»

ዓይኗን ከታክሲው መለሰች። ከዚያ እጄን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝና የተረገጠ እግሬን አየች። «አንተ ግርግር የማትወደው ልጄ፣ ለእኔ ብለህ እዚያ መሀል ገባህ» አለችኝ። ጭንቅላቴን ይዛ መረቀችኝ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ እኔ አሜን እያልኩ ተቀበልኩ።

ይህን እዚህ ከመጻፌ በፊት ለእሷ መንገር ነበረብኝ። ማንበብ ስለማትችል ነው የደፈርኩት። ነገ እነግራታለሁ ስል ሰነበትኩ፤ ይኸው ስንት ወር ሆነ። የሞተን ሰው በሕይወት አለ እያሰኘሁ፣ ለቅሶዋን ከልክያት አብሬያት እራት እበላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጉልበቷን ስትታሽ አግኝቼ ጎኗ ተቀመጥኩ። ደስ ብሏት ነበር፤ ትንሽ ሻል ብሎኛል አለችኝ።

«ለዘንድሮው ገና እኔም እሄዳለሁ» አለች። «ግን አንተ እንዳልከው ይሁን፤ ሰው ሲበተን ይሻላል። ላንተም አይከብድህም። እሱም መምጣቴን ከሰማ፣ ቆይቶ ይጠብቀኝ ይሆናል።»

«እሺ» አልኳት።